ስም አውጭው ጋሼ ስማቸው

የሞታቸውን ወሬ የሰማሁት በጭቅጭቅ መሀል ነው። አዲሷ ጸሐፊያችን ዝናሽ የቢሮውን ሞባይል በመዳፏ አፍና በሬን በክርኗ ከፈተችና፣ «ትዕግሥት፣ እስኪ አንች አነጋግሪያቸው፤ እኔን እያላገጡብኝ ነው» አለችኝ።

«ማን ናቸው?»

«ከጎጃም ነው የሚደውሉት። የቀድሞ ባልደረባችሁ አርፈዋል አሉኝ። ነፍስ ይማር ብዬ፣ ስማቸውን ይንገሩኝ አልኋቸው። ‹ስማቸው› አሉኝ። አዎ፣ ስማቸውን አልሁ። ‹ስማቸው ነው እኮ የምልሽ!› ብለው ጮኹብኝ። በሞት ይቀለዳል?»

ለማልቀስ ስዘጋጅ ሳቅ ቀደመኝ። ዝናሽ ምን ነካት ብላ አየችኝ። ሳቁ ሳያልቅ እንባው መጣ፤ ስልኩን ተቀብዬ ያልሁትን አሁን አላስታውሰውም።

ጋሼ ስማቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ጭቅጭቅ ሲጨቃጨቁ ነው የኖሩት። አንድ ጊዜ ወደ መተማ ዮሐንስ ስንወርድ ኬላ ላይ ያስቆመን ወጣት ፖሊስ መታወቂያ ሳይጠይቅ በፊት ስማቸውን ጠየቃቸው።

«ስማቸው።»

«የማን?»

«የእኔ።»

«የእርስዎንማ እኮ ነው የጠየቅሁ።»

«እኔም እሱኑ ነው የመለስሁ።»

ፖሊሱ ከመኪናው አስወረዳቸው። መታወቂያውን አይቶ ሲስቅ እሳቸው አልሳቁም። ተመልሰው ሲገቡ ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ እያስተካከሉ፣ «አየሽ ትዕግሥት፣ ያልጠራ ስም መንገድ ያስዘጋል» አሉኝ። ከእሳቸው ጋር ስትውይ ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከስም ላይ ነው የሚያርፍ።

የምንሠራው ገንዳ ውኃ፣ በአንድ የሰሊጥ አምራቾች ማኅበር ዋና ቢሮ ውስጥ ነው። ማኅበሩ በመተማ ዮሐንስ፣ በሽንፋ፣ በአብርሃ ጅራና በሳንጃ መጋዘኖች አሉት። በየመጋዘኑ በር ላይ የመኪና ሚዛን አለ፤ ሚዛኑ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዟል፤ ኮምፒውተሩ የክብደቱን ወረቀት ያትማል። ያ ወረቀት የሌለው የጭነት መኪና ከግቢ አይወጣም። የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ሆነው የመጡት ጋሼ ስማቸው ነበሩ። እኔ የዚያው ክፍል ባለሙያ ነበርሁ፤ ክፍሉ ማለት ሁለታችን ነን።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ጎንበስ ያሉ ሰው ነበሩ። ደገኛ ናቸውና ሙቀቱን አልቻሉትም፤ ጧት በውኃ የነከሩትን ፎጣ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ይመጣሉ፤ ፎጣው ቁርስ ሳይደርስ ይደርቃል። በጠቅላላው ቢሮ አንድ ማቀዝቀዣ ብቻ ነበረ፤ እሱም የተተከለው ሰርቨሮቹ ያሉበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። በሚያዝያ ሙቀት ያ ክፍል የገነት ደጃፍ ይመስል ነበር። ሰው ሁሉ ሰበብ እየፈለገ ይመጣል። ገንዘብ ያዧ ቲማቲሟን ልታስቀምጥ ትመጣለች፤ ዘበኛው የውኃ ጀሪካኑን ይዞ ይመጣል፤ ሥራ አስኪያጁ አቶ ውብሸት ደግሞ ለስላሳ መጠጣቸውን በጉያቸው ሸሽገው «ሥራው እንዴት ነው?» እያሉ ይገባሉ። ጋሼ ስማቸው ሁሉንም ይመልሱ ነበር። «እናንተ ብትሞቁ ያልባችኋል፤ እነሱ ቢሞቁ ይሞታሉ» ይላሉ። እሳቸው ራሳቸው ግን እዚያ ክፍል ተቀምጠው አያውቁም። በሩን ዘግተው፣ ከበሩ ውጭ ወንበር አድርገው፣ እያላባቸው ይሠራሉ።

በመጡ በመጀመሪያው ቀን ያሉኝን አስታውሳለሁ። ወደ መደርደሪያው እየጠቆሙ፣ «የእነዚህ ስም ማን ማን ይባላል?» አሉኝ።

«ይሄ ሰርቨር ነው፣ ይሄኛውም ሰርቨር ነው» አልሁ።

«እሱ ሥራው ነው። መምህር፣ ሐኪም ብሎ ስም አለ?»

ወደ ኮምፒውተሩ ገብተን ስናይ ጉዱ ወጣ። ማሽኖቹ ሲገዙ ማንም ሥርዓት አላወጣላቸውም፤ እያንዳንዱ መጋዘን ደስ ያለውን ስም ሰጥቷል። አብርሃ ጅራ ያለው «አንበሳው» ይባላል። ሳንጃ ያለው፣ ከሁሉም አሮጌው፣ «አዲሱ» ነው። የመተማ ዮሐንሱ ሻጩ የሰጠውን የፋብሪካ ስም፣ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበትን፣ እንደ ተሸከመ ነው። የሽንፋዋ ደግሞ «ማሚቱ» ናት።

«እስከ ዛሬ እንዴት ነበር የምታሠሯቸው?» አሉኝ።

«አንዱ ሲበላሽ መኪና እንለምንና እንሄዳለን።»

ጋሼ ስማቸው ሐሳባቸውን ያስረዱኝ በትምህርት ቤት ስም ጥሪ ነው። ጧት ጧት ዋናው ሰርቨር እዚሁ ገንዳ ውኃ ሆኖ በራሱ ስም ይጠራል። እያንዳንዱ ማሽን አቤት ይላል፤ የዕለቱን ትእዛዝና ወረቀት የማተሚያ ፈቃዱን ይቀበላል። ጊዜው ያለፈበት ፕሮግራም ካለ በዚያው ይታደስለታል። ከዚያ ወዲያ እኛ አቧራ እየቃምን መዞር ቀረልን። ለዚህ ግን እያንዳንዱ የራሱ የሆነ፣ ሌላ የማይጋራው ስም ሊኖረው ይገባል፤ የስሙ አወጣጥም አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ መጀመሪያ ቦታው፣ ቀጥሎ ሥራው፣ ከዚያ ቁጥሩ።

«አንድ ስም ሁለት ማሽን ላይ ቢኖርስ?» አልኋቸው።

«ሁለት አበበ ያለበት ክፍል ገብተሽ አታውቂም? መምህሩ አበበ ሲል ፈጠን ያለው አቤት ይላል፤ ሌላው እንደ ቀረ ይቆጠራል። ሰው ቢሆን ቀና ብሎ ‹እኔም አለሁ› ይላል። ማሽን ግን ይሉኝታም የለው፣ አቤቱታም የለው።»

ስሙ ደግሞ ብቻውን አይበቃም፤ እንደ ሰው የአባት ስም ይፈልጋል። የማሽን የአባት ስም ዶሜይን ይባላል፤ ከነጥብ በኋላ ይመጣል፤ የማን ቤት እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። ይህን ለማስወሰን ነው ያ ስብሰባ የተጠራው፤ የመጋዘን ኃላፊዎቹም ከየቦታቸው መጡ።

አቶ ውብሸት ክፉ ሰው አልነበሩም። ረጅም ነገር ግን ይወዳሉ፤ ረጅም ንግግር፣ ረጅም መኪና፣ ረጅም ስም። «የአባት ስሙ የማኅበራችን ሙሉ ስም መሆን አለበት» ብለው ጀመሩ። የማኅበራችን ሙሉ ስም ከ«ምዕራብ ጎንደር ቆላማ አካባቢዎች» ይነሣና በሰሊጥ፣ በጥጥ፣ በማሽላ፣ በአምራቾች፣ በአቅራቢዎችና በላኪዎች በኩል አድርጎ «ኃላፊነቱ የተወሰነ የኅብረት ሥራ ማኅበር» ላይ ይደርሳል። ማኅተሙ ላይ እንኳ አልበቃ ብሎ መጨረሻው መጀመሪያውን ረግጦታል።

«አይገባም» አሉ ጋሼ ስማቸው። «በሁለት ነጥብ መካከል ከስልሳ ሦስት ፊደል በላይ አይፈቀድም።»

«ማን ነው የከለከለው?»

«የዓለም ሕግ ነው።»

«እንግዲያው ደብዳቤ ይጻፍላቸው።»

«ለማን?»

«ለዓለም።»

ደብዳቤው እንዲጻፍ ተወሰነና ወደ ሁለተኛው ነጥብ ታለፈ። ሁለተኛው ነጥብ «መተማ» በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ነበር። እኔ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ መስሎኝ ነበር።

የመተማ ዮሐንስ መጋዘን ኃላፊ አቶ አብዱ ተነሡ። ዕድሜያቸውን ከሱዳን ነጋዴ ጋር ሲገበያዩ የኖሩ፣ ነጭ ጀለቢያ የማይለያቸው ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው መሀል ዐረብኛው ጣል ጣል ይላል። «ሁለት ኤም ነው» አሉ። «ስትጠራው ይጠብቃል። መ-ተም-ማ። ኸላስ፣ አለቀ።»

«እኔ ስማር አንድ ኤም ነበር» አሉ አቶ ውብሸት።

«እርስዎ የተማሩት ጎንደር ነው። እኔ የተወለድሁት መተማ ነው።»

የሽንፋዋ ወይዘሮ ባንቺ፣ ቀልድ የማያውቁ ጠንካራ ሴት፣ እጃቸውን አወጡ። «ለምን በገዛ ፊደላችን አይጻፍም?»

«እውነትዎን ነው፣ እኔም ምኞቴ ነበር» አሉ ጋሼ ስማቸው በእውነተኛ ኀዘን። «ግን ማሽኑ ሀ ሁ አልቆጠረም። ያልተማረ ነው።»

በ«ኤም» ጉዳይ የምሳ ሰዓት አለፈ። የአብርሃ ጅራው ኃላፊ የአውቶቡስ ትኬት አስመጥቶ አሳየ፤ ሌላው የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ ፎቶ ከስልኩ አወጣ፤ ሁለቱም ከሁለቱም ወገን ጋር አልተስማሙም፤ አንዱ ጭራሽ በ«ኢ» ፈንታ በ«ኤ» ነበር የጻፈው። በመጨረሻ ድምፅ ተሰጠ፤ ቁልፍ ሊወስድ የገባ ሹፌር ሳይቀር እጁን አወጣ። ሁለት ኤም አሸነፈ። አቶ ውብሸት ልዩነታቸው እንዲመዘገብላቸው ጠየቁ። ቀጥሎ «አብርሃ ጅራ» አንድ ቃል ነው ወይስ ሁለት የሚል ጥያቄ ሲነሣ ስብሰባው ለማግሥቱ ተላለፈ።

ጋሼ ስማቸው ደጅ ወጥተው ፎጣቸውን ጨመቁ፤ ጠብታ አልወጣውም። «በመሬት ድንበር ሰው ሲጣላ አይቻለሁ» አሉኝ። «በፊደል ድንበር ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

ከዚያ በየመጋዘኑ እየዞርን ስሞቹን ለወጥን። የመጨረሻው አቧራ ይሁንልን ብለን ነው የወጣነው። ሳንጃና አብርሃ ጅራ ያለ ችግር አለቀ። ሽንፋ ላይ ወይዘሮ ባንቺ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን።

«ማሚቱን አይነኳትም» አሉ።

«ወይዘሮ ባንቺ፣ ስሟ ነው እንጅ እሷ ምንም አትሆንም።»

«ስም የሚያወጣ ወላጅ ነው ወይስ አራስ ጠያቂ? ዝናቡ ጣሪያውን ሲያፈሰው በጋቢዬ የሸፈንኋት እኔ፤ አይጥ ገመዷን ሲበላ ያሳከምኋት እኔ።»

«ገብቶኛል። ግን እኔ ገንዳ ውኃ ሆኜ ማሚቱ ብዬ ስጣራ ከየት አገር ትመልስልኛለች? ሳንጃም ማሚቱ ብትኖርስ?»

«ሳንጃ ማሚቱ የላትም። ጠይቄያለሁ።»

ጋሼ ስማቸው ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ጎንበስ ብለው፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ድምፅ ሳያሰሙ። ሲያበቁ ከመኪናው ቀይ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ አስመጡ። ማሽኗ ውስጥ ስሟን «ሽንፋ፣ ሰረዝ፣ ሚዛን፣ ሰረዝ፣ አንድ» ብለው ለወጡ፤ ከውጭ ደግሞ የብረት ሣጥኗ ላይ በሚያምር የቁም ጽሕፈት «ማሚቱ» ብለው ጻፉ። ወይዘሮ ባንቺ ራቅ ብለው አዩት፤ ቀረብ ብለው አዩት፤ ከዚያ ምሳ ቀረበ።

«ለሰው የሚታየው ለሰው ይሁን፤ ለማሽን የሚታየው ለማሽን» አሉኝ ስንመለስ። ጎበዝ ሽማግሌ ዳኝነት ሰጥቶ ሲመለስ እንደሚሆነው ደስ ብሏቸው ነበር።

ስም ጥሪው ሥራ ጀመረ። ጧት ቢሮ ስንገባ ስክሪኑ ላይ መጋዘኖቹ ተራ በተራ አረንጓዴ እየሆኑ ይበራሉ። ጋሼ ስማቸው እያንዳንዱ ሲመልስ «እሺ፣ ቁጭ በል» ይላሉ። እኔም ለመድሁት።

መተማ ዮሐንስ ሰሊጡ ስለሚበዛበት ያለው ማሽን ቢታመም ብለው መጠባበቂያ አዘጋጁለት። ያንኑ ሙሉ በሙሉ፣ ከነስሙ፣ ገልብጠው በሌላ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጡት። እንዳይበራ ደግሞ በላዩ ወረቀት ለጠፉበት፤ «ስም አልወጣለትም፤ እንዳይከፈት» ይላል። ዋናው ቢሮ ዕቃ ቤት አስገቡት።

ያ ነገር የፈነዳው በአጨዳው ወቅት ነው። ከወሎና ከጎጃም ሳይቀር የመጡ አጫጆች ማሳውን ሞልተውታል፤ ሰሊጡ ተወቅቶ በጆንያ እየገባ ነው። በዚያ ወቅት ዝናብ አይጠበቅም። ያን ቀን ግን ከሰዓት በፊት በሱዳን በኩል ሰማዩ ጠቆረ። የረጠበ ሰሊጥ ደግሞ የሞተ ሰሊጥ ነው፤ ይሻግታል፤ የዓመት ልፋት መሬት ይበላዋል።

አቶ አብዱ ደወሉ። «ስማቸው! ሚዛኑ ወረቀት እንቢ አለኝ። ፈቃድ የለህም ይለኛል።»

«እንዴት የለህም ይላል? እዚህ አረንጓዴ ነው፤ ፈቃዱን ተቀብሏል።»

«እኔ ጋ ማፊ፣ የለም! መኪናው እስከ አስፋልቱ ተሰልፏል። ሸራ ያለው ጥቂት ነው። ሹፌሮቹ ሊበሉኝ ነው፤ ሰማዩን እያየኸው ነው?»

ጋሼ ስማቸው ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እኛ ግቢ ውስጥም ሹፌሮች ነበሩ፤ ናፍጣ ለመጠየቅ የመጡት ወሬውን ሰምተው በሩ ላይ ተሰበሰቡ። አቶ ውብሸትም መጡ።

«አብዱ፣ ማሽኑን አጥፋና አብራው።»

አጠፉት፣ አበሩት። እዚያው ነው።

«እንግዲያው ገመዱን ከግድግዳው ንቀለው። አሁን በስሙ እጠራዋለሁ፤ ዝም ማለት አለበት።»

«ነቀልሁ።»

ጋሼ ስማቸው ጻፉ። ስክሪኑ መለሰ፤ አቤት።

«አብዱ፣ ንቀለው እኮ ነው ያልሁ!»

«ነቅያለሁ እኮ ነው የምልህ! ገመዱ እጄ ላይ ነው!»

«ታዲያ ማነው አቤት የሚለኝ?»

በስልኩ ወዲያ ማዶ አቶ አብዱ ቀስ ብለው «ቢስሚላሂ» ሲሉ ሰማን፤ ወንበር ሲጎተትም ሰማን፤ ከማሽኑ ራቅ ብለው መቀመጣቸው ነው። ከእኛ በኩል አንዱ ሹፌር አማተበ።

«ሞቶ የሚመልስ ማሽን የለም» አሉ ጋሼ ስማቸው። ግን ፎጣቸውን ከአንገታቸው አወጡት፤ ያን የሚያደርጉት ሲጨንቃቸው ነው። ጥቂት አሰቡ። «እሺ፤ አቤት ካለ ይጩህ።» በዚያው ስም ትእዛዝ ሰጡት፤ ድምፅ ማጉያህን እስከ መጨረሻው ከፍተህ ያለማቋረጥ ጩህ የሚል።

«አብዱ፣ የሚጮህ ነገር ሰማህ?»

«ማፊ።»

«ገመዱን መልሰህ ሰካው። እዚህ ያላችሁ፣ ጸጥ በሉ።»

ጸጥ አልን። መጀመሪያ የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ከቢሮው ጀርባ፣ ከሩቅ፣ እንደ አምቡላንስ ያለ ጩኸት ተሰማ። ሹፌሮቹ ተያዩና ወደ ድምፁ ገሠገሡ፤ እኛም ተከተልን። ቢሮውን ዞርን፣ የውኃ ታንከሩን አለፍን፤ ድምፁ እየጎላ ሄደ። ግቢው ጥግ ላይ፣ በአረንጓዴ የቆርቆሮ አጥር የተከለለ ቤት በር ላይ አደረሰን። የሥራ አስኪያጁ ቤት ነው።

ዞር ብዬ አቶ ውብሸትን አየኋቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። በኋላ እንደ ሰማነው መጠባበቂያውን ከዕቃ ቤት ያስወጡት እሳቸው ናቸው፤ ወረቀቱን ልጠው፣ ጧት ቤታቸው ወስደው ከቢሮው ኔትወርክ ጋር አገናኝተውታል፤ ማታ ኳስ ሊያዩበት። ማሽኑም እንደ በራ የመተማ ዮሐንስ ሚዛን ነኝ ብሎ፣ ቀድሞ አቤት ብሎ፣ የባልንጀራውን ፈቃድ ወስዷል።

ሹፌሮቹ ቀስ በቀስ ገባቸው። አንዱ፣ መኪናው ከነሰሊጡ መተማ ዮሐንስ ሰልፍ ላይ የቆመበት ጎልማሳ፣ «ይሄ እኮ የአቶ ውብሸት ቤት ነው» አለ። ድምፁ ውስጥ ያለውን ነገር አልወደድሁትም። ዱላ የያዘም ነበረ።

ጋሼ ስማቸው በሩ ፊት ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ። «ቆዩ» አሉ። «የእኔ መሞከሪያ ማሽን ነው። እኔ ነኝ እዚህ ያስቀመጥሁት፤ ሳላጠፋው ቀረሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ለመሞከር ሌላ ቀን አጣችሁ?» አለ ጎልማሳው።

«ልክ ነህ። ስድቡን አታስቀር፤ ግን መጀመሪያ መኪናህ ከሰልፉ ይውጣ።»

ሰደባቸው። ሌሎቹም ተራ በተራ ሰደቧቸው። እሳቸው ጎንበስ ብለው ተቀበሉና ወደ ውስጥ ገቡ። ጩኸቱ ድርግም አለ። ትንሽ ቆይቶ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ በተውነው ስልክ አቶ አብዱ «ወረቀት ወጣ! ወረቀት ወጣ!» እያሉ ብቻቸውን ይጮኹ ነበር።

ዝናቡ መጣ። መኪኖቹ ግን ቀድመው ወጥተው ነበር፤ ወደ ኋላ የቀሩትን አቶ አብዱ የመጋዘኑን ሸራ ሁሉ፣ የራሳቸውን የድንኳን ሸራ ሳይቀር አልብሰው ሸኟቸው። ያን ቀን አንድም ጆንያ አልረጠበም።

እኔ ተናድጄ ነበር። «እርስዎ ምን በወጣዎ?» አልኋቸው። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስምዎ ሲጠፋ!»

«የማሽን ስም ቢበላሽ ቁጭ ብለሽ በሌላ ትቀይሪለታለሽ» አሉኝ፣ የደረቀ ፎጣቸውን እያጠፉ። «የሰውን ስም ግን፣ አንዴ ዱላ በያዘ ሰው ፊት ከጠፋ፣ ማን ሌላ ያወጣለታል? የእኔን ከነገ ወዲያ ይረሱታል። ስሜን ማን በወጉ ሰምቶት ያውቃልና።»

አቶ ውብሸት ምስጋና የሚሆናቸው ሰው አልነበሩም። በማግሥቱ ግን ስብሰባ ጠሩና በሕይወታቸው አጭሩን ንግግር አደረጉ። «የማሽኖቹ የአባት ስም አጭር ይሁን። ጨርሻለሁ» ብለው ተቀመጡ። ከዓለም ለደብዳቤው መልስ አልመጣም ነበር። ከዚያ ወዲያ ለስላሳቸውን ይዘው ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል ሲመጡ ጋሼ ስማቸው ቀና ብለው ሳያዩ በሩን ገፋ ያደርጉላቸዋል። ለሌላ ሰው ግን፣ ለእኔም ጭምር፣ አልከፈቱም።

ብዙ አልቆዩም። ኩላሊታቸው ቆላውን እንቢ አለ። ሐኪም ደጋ ይሂዱ ብሎ አዘዘና ወደ ጎጃም ወደ ባለቤታቸው ተመለሱ። ሲሄዱ ንግግር እንዲያደርጉ ብንለምናቸው፣ «ወረቀት የተለጠፈበትን ነገር አትንኩ» ብቻ ብለው መኪና ላይ ወጡ።

ያረፉ ጊዜ ለቀብር መድረስ አልቻልንም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ በዚያ ላይ ወሬው ዘግይቶ ነው የደረሰን። በከተማችን ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ይደረግላቸው ብለን ተሰበሰብን። ወይዘሮ ባንቺ ከሽንፋ በጭነት መኪና መጡ። አቶ አብዱ እስላም ናቸው፤ ጀለቢያቸው ላይ ነጠላ ደርበው ከቅጥሩ በር ውጭ ባለው ዛፍ ሥር ቆሙ።

ቄሱ ወጡና፣ «የክርስትና ስማቸው ማን ይባላል?» አሉን።

ማንም አያውቅም። ያን ያህል ዘመን አብረን ስንውል የክርስትና ስማቸውን የጠየቃቸው የለም። ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ትርንጎ ደወልሁና ለቄሱም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

ወይዘሮ ትርንጎ፣ «ምን ልበልሽ ልጄ» አሉኝ። «ሁለት ነው።»

«ምኑ?»

«የክርስትና ስሙ። እናቱ ገብረ ማርያም ነው ይሉ ነበር፤ አባቱ ደግሞ ኃይለ ሚካኤል ነው ብለው ማሉ። ያነሡት ቄስ ጆሯቸው ከባድ ስለ ነበር የሁለቱንም አልሰሙም። ሁለቱ ሳይታረቁ ሞቱ፤ እሱም ሁለቱንም ይዞ ቀረ። ለመሥሪያ ቤት ሰው ትንፍሽ እንዳትይ ብሎ አስምሎኝ ነበር። መቼም አሁን አይቆጣኝ።»

ስልኩ ውስጥ ማልቀሳቸው ይሁን መሳቃቸው አልለየልኝም። እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝሁት። ወይዘሮ ባንቺ «ጉድ!» አሉ፤ እሳቸው ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«አባ፣ የትኛውን ይጠሩታል?» አልሁ።

«ሁለቱንም» አሉ ቄሱ፣ መጽሐፋቸውን እየገለጡ። «የሚሰማው እንደ ሆነ ያውቀዋል።»

ጸሎቱ ተጀመረ። አቶ ውብሸት እንደ ወትሯቸው ዘግይተው ደረሱና ላብ እያጠመቃቸው ከጎኔ ቆሙ። ቄሱ በዜማ ገብረ ማርያምን ጠሩ፤ እግዚአብሔር ነፍሱን እንዲያሳርፍ ለመኑ። ቀጥለው ኃይለ ሚካኤልን ጠሩ፤ ለእሱም ለመኑ። ሕዝቡ በየተራው አሜን አለ። አቶ ውብሸት ግራ ተጋብተው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ሁለት ሰው ነው እንዴ የሞተብን?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አዎ» አልኋቸው።